የወሰኑ ድንጋይ ቆዳ

አንድ ድንጋይ ፎቶ በማንሳት ሰው ከሰው ሊጋደል ይችላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ቢነግረኝም አላምነውም ነበር።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስሠራ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሰው ስሙን ይነግረኛል፣ ካርዱን ፈልጌ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ አልወድም ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህማ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳላነጋግር የምውልበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን የምነግራችሁ፣ ኋላ መናገር የግድ በሆነብኝ ሰዓት የተጠየቀው ሰው ምን ዓይነት እንደነበር እንድታውቁት ብዬ ነው።

የልጄ ልጅ ሕሊና አዲስ አበባ ውስጥ የኮምፒዩተር ጌም ከሚሠሩ ወጣቶች ጋር ትሠራለች። የጌሙን ታሪክና ሩጫ ሌሎች ያዘጋጁታል፤ የእሷ ድርሻ በጌሙ ውስጥ የሚታየውን ነገር መሥራት ነው፤ ግድግዳውን፣ በሩን፣ ዛፉን፣ ድንጋዩን። በሰኔ መጀመሪያ ቡሬ ጓደኛዋ ዘንድ ከርማ እኔ ጋ ስትመጣ ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም።

«እምዬ፣ ቡሬን ዞሬ ያገኘሁት ብሎኬትና ቆርቆሮ ነው። እኔ የምፈልገው የቆየ ጭቃ፣ የቆየ ሣር ክዳን፣ ሽበት ያወጣ ድንጋይ ነው» አለችኝ።

«ጭቃ ምን ያደርግልሻል?»

«ቆዳ ነዋ።» ከዚያ አስረዳችኝ። መጀመሪያ የዕቃውን ቅርጽ ኮምፒዩተር ላይ ታወጣለች፤ ያ ሞዴል ይባላል። ሞዴሉ ሲወጣ እንደ ደረቅ ሸክላ ነው፣ መልክ የለውም። ከዚያ ከእውነተኛ ነገር ላይ በፎቶ የተወሰደ ቆዳ ታለብሰዋለች፤ እሱን ቴክስቸር ይሉታል። «ቆዳው ውሸት ከሆነ፣ ተጫዋቹ ለምን እንደሆነ ባያውቅም ቤቱ ውሸት እንደሆነ ይሰማዋል» አለች። ይህ አነጋገሯ ደስ አለኝ፤ ግን አልነገርኳትም።

ሴት ልጅን ብቻዋን ወደ ገጠር የሚሰዱበት ጊዜ አይደለም። ስለዚህ አብሬያት ወደ ቋሪት ወጣሁ፤ ከገበዝ ማርያም ወዲያ ወደ አባቴ አገር። እዚያ የሟች ወንድሜ ልጅ ደሳለኝ አለ። ከእኔ ቤተሰብ በዚያ መሬት ላይ የቀረው እሱ ነው። ደሳለኝ በደስታ ተቀበለን። ሚስቱ ብርቱካን ደግሞ ሕሊና የማድ ቤቷን ግድግዳ በቅርብ እየተጠጋች ስታነሳ አይታ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«አክስቴ፣ አዲስ አበባ ጭቃ አልቆ ነው?» አለችኝ።

«አላለቀም። የእናንተን ያህል አልተሰነጠቀም መሰለኝ።»

«ለስንጥቁስ እኛን ያህል የሚገኝም የለ» አለችና ሌላውንም ግድግዳ እየመራች አሳየቻት።

በማግስቱ ደሳለኝ ገና ሳይነጋ ወደ ገበያ ወረደ። ቀኑ ደመና ነበር። ሕሊና ደመና ስታይ ትቸኩላለች። ፀሐይ ካለ ጥላ አለ፤ ጥላው ከፎቶው ጋር ቆዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ኋላ በጌሙ ውስጥ ፀሐይዋ በሌላ በኩል ስትወጣ የተጣበቀው ጥላ ያጋልጣል ትላለች። ከቤቱ በታች ባለው እርሻ መካከል ጉልበት የሚደርስ ድንጋይ አየች። ወዲያም ወዲህም ታርሶ ለዘር ተዘጋጅቷል፤ ድንጋዩ በትንሽ ሣር ተከቦ ቆሟል። አንዱ ጎኑ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ሽበት አውጥቷል፣ ግራጫና ብርቱካናማ የተቀላቀለበት። በእኔ ልጅነት ያ ሁሉ አንድ እርሻ ነበር። ድንጋዩን ከብት የሚታከክበት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሕሊና ከድንጋዩ አጠገብ ጥቁርና ነጭ እያፈራረቀች የቀባችውን አጭር በትር መሬት ላይ አጋደመች። ኮምፒዩተሩ የድንጋዩን ትልቅነት የሚያውቀው በዚያ በትር ነው። ከዚያ መዞር ጀመረች። አንዴ ተቀምጣ፣ አንዴ ጎንበስ ብላ፣ አንዴ ቆማ። እያንዳንዱ ፎቶ ያለፈውን መድገም አለበት፤ ኮምፒዩተሩ ከተደጋገመው ተነስቶ ጉድጓዱንና ጉብታውን ያወጣዋል። አንድ ሰው ድንጋይ ሲዞር ማየት አሳፈረኝ። ጃንጥላዬን ዘርግቼ ጀርባዬን ሰጠኋትና የሚመጣ ሰው እንዳለ መንገድ መንገዱን ሳይ ቆየሁ።

ድም የሚል ድምፅ ሰምቼ ዞርኩ። ድንጋዩ ቁልቁል ተንከባሎ የታችኛው እርሻ ትልም ውስጥ ወድቋል። ሕሊና ከደሳለኝ ግቢ ያመጣችውን ዶማ ይዛ ቆማለች።

«ምን ሆነ?»

«ምንም። ሥሩን ላነሳ ፈልጌ ነው። ጌሙ ላይ ሰው ድንጋይ ይገለብጣል፤ ሥሩ ባዶ ከሆነ ያስታውቃል። ትንሽ ላዘንብለው ስል አፈሩ ከዳኝ።»

የቆመበትን ቦታ አየሁት። ሌሊት የዘነበበት አፈር ስለነበር ከነሣሩ ተንዷል። የድንጋዩን ሥር ቅርጽ የያዘ ጉድጓድ የለም፤ ሰፊ የጭቃ ቁስል ብቻ ነው።

«ወደ ቦታው እንመልሰዋለን» አለች።

«እጅሽን ከድንጋዩ አንሺ» አለ አንድ ሰው ከበላያችን።

ጠመንጃ ያነገተ ጎልማሳ ነበር። ጌትነት ይባላል፤ የታችኛው እርሻ ባለቤት የአያ ይግዛው ልጅ መሆኑን ኋላ ነው ያወቅሁት። ቀስ ብሎ ወርዶ የተናደውን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ ዶማውን አየ።

«ማነው የላካችሁ?»

«ማንም አልላከንም» አለች ሕሊና። «ለጌም ነው። ለጨዋታ።»

«ወሰን ነቅሎ ጨዋታ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ባለ ጥቁርና ነጩን በትር በእግሩ ነካው። «ይሄስ? የቀያሽ በትር አይደለም? ስትዞሪ የቆየሽውስ? እኔ ከወዲያ ማዶ ሳይሽ ነበር። ስትለኪ ነበር።»

«ወንድሜ፣ እንግዳ ናት፣ አታውቅም» አልኩት። «እኔም ወሰን መሆኑን አላወቅሁም።»

«አንቱ ደሞ ማነዎት እናቴ?»

«የደሳለኝ አባት እህት ነኝ።»

ከአፌ ሲወጣ ነገሩ መባሱ ገባኝ። አንገቱን ነቀነቀ።

«ሰውዬው ገበያ ወርዷል። እሱ በሌለበት አክስቱ ቀያሽ ይዛ ወሰን ነቀለች። መልካም። ከዚህ ማንም አይሄድም።»

በዚያው ተቀመጥን። አያ ይግዛው ተጠርተው መጡ፤ ሸበቶ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት ልጃቸውና ደሳለኝ በዚህ ድንጋይ ተጣልተው፣ አንተ ገፋህ አንተ ገፋህ ተባብለው ደም ሊፋሰሱ ነበር። ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩን የነካ ሁሉ እንደተወገዘ ይሁን ተብሎ በቄስ ምናለ አፍ ተገዝቷል።

«አሁን እንግዲህ» አሉ አያ ይግዛው፣ «ግዝቱም ፈረሰ፣ ዕርቁም ፈረሰ።»

ቄስ ምናለም ተጠርተው ሲደርሱ ሕሊና ተነሥታ መስቀል ተሳለመችና፣ «አባ፣ መሬት አልለካሁም። ሥራዬን ላሳያችሁ» አለች። ላፕቶፗን ከፈተች። ትናንት ከደሳለኝ ግቢ ያነሳችውን ሌላ ድንጋይ አወጣች። ራቁቱን አሳየቻቸው፤ እንደ ሸክላ የገረጣ። በጣቷ እያዞረች ቆዳውን አለበሰችው። ቄሱ ጎንበስ አሉ። ሽበቱን አጠፋችለት፣ መለሰችለት። ቀይ ድንጋይ አስመሰለችው።

«እርጥብ ላድርገው?» አለች። ድንጋዩ ዝናብ እንደመታው አብለጨለጨ።

«ዝናብም ታዘንቢያለሽ?» አለ ጌትነት። ፊቱ ሳይወድ ፈታ አለ።

«እዚህ ውስጥ ብቻ።»

«ሰኔ ላይ ምነው ባወቅንሽ፣ ባለፈው ዓመት ዘግይቶብን ነበር።»

አያ ይግዛው ድንጋዩን በትኩረት አዩትና፣ «ይሄ አሁን የት ነው ያለው?» አሉ።

«የትም የለም አያ።»

«እንዲያ ከሆነ ማንም አይጣላበትም።»

ጌትነት ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ጉልበቱ ላይ አጋደመው። ያን ጊዜ ነገሩ ያለፈ መሰለኝ። ልነሣ ብዬ ቀሚሴን አራገፍኩ። ከላይ ደሳለኝ እየሮጠ ሲወርድ አየሁት። ወሬው ገበያ ድረስ ሄዶ አግኝቶታል። በቤቱ በኩል አልፏል፤ እሱም ጠመንጃ ይዟል። ብርቱካን ከኋላው ነጠላዋን እየጎተተች ትከተለዋለች።

እኛን አላየንም። በቀጥታ ወደተናደው ቦታ ሄደና አንድ እግሩን ተከለ።

«እዚህ ነበር» አለ።

ጌትነት ተነሣ። እሱም እግሩን ተከለ። «እዚህ ነበር።»

በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ያቺ አንድ ክንድ ግን ከእርሻው ጫፍ እስከ ጫፍ ትሄዳለች። ቄስ ምናለ መሐላቸው ገብተው መስቀላቸውን አወጡ። ሁለቱም ወደ ኋላ አላሉም።

«እኔ ጋ አለ» አለች ሕሊና። «ከመውደቁ በፊት ዙሪያውን አንስቼዋለሁ። የት እንደቆመ ይታያል።»

ደሳለኝ ዞር አለ። «አሳዪያቸው እንግዲህ እህቴ። አሳዪያቸው።»

አያ ይግዛው እጃቸውን አነሡ። «ቆይ ልጄ። ቅድም ድንጋዩን ቀይ አላደረግሽውም?»

«አድርጌዋለሁ።»

«ሽበቱን ላጭተሽ መልሰሽ አላበቀልሽለትም?»

«አዎ።»

«እንግዲያ አንድ ክንድ ወዲያ ማሻገር ያቅትሻል?»

ልጅቱ ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ከእነዚያ ሰዎች ማንም አያውቅባትም። «አያቅተኝም» አለች።

ከጥርጣሬ ያወጣት ያው ሥራዋ ምስክርነቷን በላው። ነገሩ ወደ ቄስ ምናለ ተመለሰ።

«ሰው ያስፈልጋል» አሉ። «ድንጋዩ ቆሞ ሳለ እዚህ የነበረ፣ በመስቀል የሚምል ሰው። የማለ ካለ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የሚናገርም የለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ደሳለኝ አጠገቤ መጥቶ ተንበረከከ። በጆሮዬ ነው የተናገረው። «አክስቴ፣ አንቱ ነበሩ። እዚህ ነበር ብለው እግሬን ያሳዩ፣ ሌላ አያሻም። የአባቴን አጥንት ያስቡ።»

በሌላው በኩል ሕሊና ላፕቶፑን ደረቷ ላይ ይዛ ተጠጋችኝ። «እምዬ፣ ፎቶው ግልጽ ነው። አንዴ እዪውና ያየሽውን ማይ። ውሸት አይሆንብሽም።»

ክዳኑን ልታነሳ ስትል እጄን ጫንኩበት። «አታሳዪኝ» አልኳት።

ለምን እንዳልኩ በዚያ ሰዓት የማውቅ አልመሰለኝም። ተነሣሁ።

«አባ፣ እዚህ ነበርኩ» አልኩ። «ግን ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የቆየሁት። ድንጋዩን ስናልፍ አይቼዋለሁ፤ የት ላይ እንደቆመ ግን አላስተዋልኩም።»

«ትንሽም አላዩም?»

«በመስቀል የምለውን ያህል አላየሁም።»

«ልጅቱ ታሳይዎትና…»

«ያን ጊዜ የማየው ኮምፒዩተሩን ነው፤ ድንጋዩን አይደለም። በኮምፒዩተሩ ይማሉ ካላችሁኝ እሱን ራሳችሁ እዩት።»

ደሳለኝ እንደተንበረከከ ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት ዛሬም አልረሳሁትም። ቁጣ አልነበረም፤ ያልጠበቀው በር ሲዘጋበት ሰው የሚያየው አስተያየት ነው። ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ እግሩ ቦታ ተመለሰ። ጌትነት ጠመንጃውን አነሣ። ብርቱካን ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ዝናብ በሩቁ ሲመጣ ይሰማል። አልማልም ካልኩ በኋላ የሚመጣውን እያሰብኩ ሕሊናን ወደ ኋላዬ ሳብኳት።

መጀመሪያ አፋቸውን የከፈቱት አያ ይግዛው ናቸው። ወደ ልጃቸው ነው የተናገሩት፤ ወደ እኔ አላዩም።

«ይህቺ ሴት ለወንድሟ ልጅ መማል ትችል ነበር» አሉ። «ከመስቀል በኋላ እኔም አንተም አፍ የለንም። መሬቱን አጨብጭበን እንሰጥ ነበር። አልማለችም። ልጅቱም አያቅተኝም አለች፤ ሰው በራሱ ላይ እንዲህ አይመሰክርም። እነዚህ ሁለቱ ድንጋይ አያሻግሩም። አምጪው ልየው።»

«አባቴ…» አለ ጌትነት።

«አምጪው ልየው አልኩ።»

ሕሊና እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች። ሞዴሉን ከፎቶዎቹ እስኪያወጣው ላፕቶፑ ጊዜ ወሰደ። ሰዎቹም ከበቧት፤ ጌትነት በአንድ ትከሻዋ፣ ደሳለኝ በሌላው። ጠመንጃቸውን አልጣሉም፤ ግን ስክሪኑን ለማየት ሲሉ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገውታል። ጃንጥላዬን በላያቸው ያዝኩ። እኔ ራሴ ስክሪኑን አላየሁም።

ሕሊና ኋላ እንደነገረችኝ፣ ድንጋዩ ሲወጣ ከከበበው ሣር ጋር ወጣ። ከድንጋዩ ከፍ ብሎ መሬት ውስጥ የተቀበረውና አሁንም ያልተነቃነቀው ቋጥኝ ጫፉ አብሮ ወጥቷል። ጥቁርና ነጩም በትር ከሥሩ ተጋድሟል። ሕሊና በበትሩ ልክ ከቋጥኙ እስከ ድንጋዩ ቆጠረች። ጌትነት ያንኑ በትር አንስቶ መሬት ላይ ለካ፤ ደሳለኝ ተቀብሎት ደግሞ ለካ፤ ቄስ ምናለም ለኩ። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ቦታው የጌትነት እግር የተተከለበት ነበር፤ ከዚያም ጣት ያህል ወደ እኛ እርሻ ገባ ያለ።

ድንጋዩን ጌትነትና ደሳለኝ ተሸክመው አመጡት። ሕሊና ሞዴሉን እያዞረች፣ «ስንጥቁ ወደ ቤቱ ይዙር… ሽበቱ ወደ ወንዙ… ትንሽ ዝቅ፣ አፈር የነካው መስመር እስኪሸፈን ድረስ» ትላለች። የተቀበረው ከፊሉ በቀለም ይለያል፤ ምን ያህል ጠልቆ እንደነበር በእሱ ታወቀ። ሲተክሉት የሁለቱ እጅ በአንድ ጭቃ ውስጥ ነበር። ጌትነት አንዴ፣ «ጣትህን» አለ፤ ደሳለኝ ጣቱን አወጣ። ዝናቡ ደርሶብን ቄስ ምናለ ግዝቱን ፈቱልን፣ ለእኔና ለሕሊናም ስግደት አዘዙን።

በማግስቱ ደሳለኝ ሻንጣችንን ተሸክሞ መኪና እስከምናገኝበት ሸኘን። ሻንጣውን አስቀምጦ ከሕሊና ጋር ተሳሳመ። እኔን እጄን ያዘኝ።

«አንዲት ቃል ነበረች አክስቴ» አለኝ።

«አላየሁም ልጄ።»

«እንደማያዩ አውቃለሁ» አለና ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ለፋሲካ የሚያመጣልኝን በግ አላመጣም። ብርቱካን ትደውላለች፤ ደህና መሆኑን ትነግረኛለች። ከጌትነት ጋር ግን ሰላም ናቸው። በመኸር እርስ በርስ ተጋግዘው አጨዱ አለችኝ። ቅያሜው ከእኔ ጋር ብቻ ነው የቀረው። ሕሊና ድንጋዩን ጌሟ ውስጥ አስገብታዋለች። እንዳይንቀሳቀስ አድርጌ ነው የሠራሁት አለችኝ፤ ተጫዋቹ ሌላውን ሁሉ ይገለብጣል፣ ያንን ግን ቢገፋው አይነቃነቅም።

ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች ያመሰግኑኛል። እውነተኛ ሰው ነሽ ይሉኛል። እናንተም ልትሉ ትችላላችሁ። አትቸኩሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዝምታዬን እንደ መልካም ጠባይ ስቆጥር ኖርኩ፤ ሳይጠየቁ ዝም ማለት ግን ቀላል ነው። ሰው ራሱን የሚያውቀው ጠመንጃ ይዘው ሲጠይቁት ነው። እናንተም አንድ ቀን አንድ የምትወዱት ሰው አጠገባችሁ ተንበርክኮ በጆሯችሁ አንዲት ቃል ይለምናችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ ምን እንደምታደርጉ አሁን እርግጠኛ ከሆናችሁ፣ እኔ ያን ያህል እርግጠኛ እንዳልነበርኩ ልነግራችሁ እወዳለሁ።

ያ ስክሪን ቢከፈትልኝና ቦታው በጌትነት እግር ሥር መሆኑን ባይ ኖሮ፣ የወንድሜን ልጅ እያየሁ ያንን በመስቀል መማል እችል ነበር? ወይስ የደሳለኝን እግር አሳይ ነበር? ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። መልሱን አላውቅም። አታሳዪኝ ያልኳትም ለዚህ ነው።